ሰባት ደቂቃ ለፎቶ

አውቶቡሱ ወጣ ከማድሪድ በጠዋት፣
ሃያ ሁለት ሆነን፣ ገና ሳንላቀቅ ከእንቅልፋችን ሙቀት።
ሊዮካዲያ ቆማ ከሾፌሩ ኋላ፣
ባንድ እጇ ማይክሮፎን፣ ቢጫ ጃንጥላ በሌላ፣
«ቶሌዶ» አለችን፣ «ሁለት ሺህ ዘመን ናት፤
እኛ ግማሽ ቀን ነን፤ አደራ፣ በሰዓት!»

ታሆ የሚሉት ወንዝ፣ እንደ ሰፊ መቀነት
በሦስት ወገን ዞሮ አለቱ ላይ አስሯት፣
ስንት ንጉሥ ከቧት፣ ስንት ጦር ሲመለስ አፍሮ ከበራፏ፣
እኛ ቆመን ወጣን
በኤሌክትሪክ ደረጃ፣ ላብ ሳይነካን፣ ካፋፏ።

«ይህ ምኩራብ ነበረ፤ ዛሬ ነጯ ማርያም ይሉታል፤
ያኛው ደግሞ መስጊድ፤ የብርሃኑ ክርስቶስ ሆኗል፤
እዚህ ግድግዳ እንኳ ንስሐ ይገባል»
ትላለች፤ ፈገግታዋ ከቀልዱ ቀድሞ ያልቃል።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ውዳሴ የደገመችው፣
የት ላይ እንደምንስቅ ከኛ በፊት የምታውቀው።
«ሰው ይኖራል እዚህ?» አለ አንዱ፣ ረጅሙ፣ ባርኔጣ ያደረገው።
አልሰማችም፤ ወይ ሰምታ ተወችው።

ከካቴድራሉ በታች፣ መንገዱ ሲጠብ፣
መስኮትና መስኮት ሊጨባበጥ ሲቀርብ፣
ፍሪጅ መጣብን ከላይ።
ሁለት ወጠምሾች ተሸክመው፣ «ጥግ! ጥግ!» እያሉ፤
ግድግዳ ላይ ተለጠፍን ሃያ ሁለታችን በሙሉ።
ከፍሪጁ ኋላ ፍራሽ፣ ከፍራሹ ኋላ ሣጥን፣
ከሁሉ ኋላ አሮጊት፣
በወይራ ዘይት ቆርቆሮ የበቀለ ቀይ አበባ አቅፋ እንደ ሕፃን።

ሊዮካዲያ ጃንጥላዋን ዝቅ አደረገች፤
ያን ጊዜ ነው መሪ ያጣን።

«ዶኛ ቪሲታሲዮን! ዛሬ ነው እንዴ?»
«ዛሬ ነው፣ ሆዴ።
ባለቤቱ ሞቶ ወራሾቹ ሸጡት፤ የእንግዳ ማረፊያ ይሆናል አሉ፤
ቁልፍም የለው ከንግዲህ፣ በቁጥር ነው የሚከፈት በሩ።
የእህቴ ልጅ መኪናው እስከ ማታ አይደርስ፤
ድመቷ እንቢ አለች፤ እሷ ትቅር፣ ላገር ቅርስ።»

ባለባርኔጣው ዝም አለ። አበባውን ተቀበላት።

ካቴድራሉን አሥር ደቂቃ ቀነስንበት፤
የሰይፍ ሱቁን ጭራሽ ዘለልነው።
(ለካ ከሱቁ ድርሻ አላት፤ ያን ቀን አጣችው፤
ሾፌሩ ነው ኋላ የነገረን።)
ወንበሩን፣ ድስቱን፣ የቅዱሳን ሥዕሉን ተከፋፍለን
ቁልቁል ጎረፍን።
ለኔ ወንፊት ደረሰኝ፤ ፀሐዩ ሲከፋ
ፊቴ ላይ ጋረድኩት፤
ቶሌዶን እንዲያ አየኋት፣ ብርሃኗ ሲነፋ።

«ሃያ ሦስት» ስትል ቆጠረች ሊዮካዲያ፣ ማይክሮፎኑን ሳትነካ።
ሾፌሩ ኤውሴቢዮ፣ ደንብ አክባሪው፣ «ኢንሹራንሱ…» ብሎ ጀመረ፤
ከዚያ የፊተኛውን ወንበር በእጅጌው ጠርጎ አሳመረ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ጉብታ፣ ለመጨረሻ ያቆዩት፣
ፖስታ ካርድ ላይ የሚታተመው መልኳ ሙሉ የሚታይበት፤
«ሰባት ደቂቃ ለፎቶ!»
ዶኛ ቪሲታሲዮንም ወረደች አብራን።
ሰማንያ ሦስት ዓመት እዚያ ውስጥ ኖራ
ከዚህ ሆና አላየቻትም፣ አንድ ቀን እንኳ።
ምን ሥራ ኖሯት በዚህ በኩል?
«እንዲህ ናት እንዴ? እንዲህ ትንሽ?» አለች፣
በመዳፏ ልካ።

ከዚያ ጣቷን ቀሰረች፣ ጣሪያዋን ፍለጋ፤
«ያቺ ናት… የለም፣ ያቺኛዋ…
ከደወሉ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግራ ጠጋ…»
ሁሉን የምታውቅ ሊዮካዲያ አልጠቆመቻትም።
ሰባቱ ደቂቃ አልፏል፤
ኤውሴቢዮ ሞተሩን አላስነሣም፤
ፎቶ ያነሣ ሰው አላየሁም።
ጣቷ ከጣሪያ ጣሪያ ይሻገራል፤
ገና አላረፈም።